በአንዲት እናት ጾም የተገናኙ ሦስት መካሪዎች



ሃምሳ አምስቱን ዕለታት በጾም፣ በጸሎትና በስግደት የፈጸመ ምእመን ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በማዕድ ዙሪያ ተሰብስቧል። ስለ ትንሣኤው ታላቅ ምሥጢር የሚያስተምሩ ሊቃውንት አሉና እኔ በዚህ ገጽ የማነሣው ርእስ አነስ ያለ፣ ግን በብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ስላለባቸው፣ ጾሙንም ሕመሙንም አብረው ስለ ተሸከሙት አባቶችና እናቶች ነው።

ባለፈው ዓመት በመጻጉዕ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ቅዳሴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንዲት እናት በሴቶች መቆሚያ በኩል ወደቁ። ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸውም አልያያዝ ብሎ ነበር። በአጠገባቸው የነበሩት ክፉ መንፈስ የያዛቸው መስሏቸው ጠበል ፍለጋ ሲሯሯጡ፣ በሙያዋ ነርስ የሆነች አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ የእጃቸውን ቅዝቃዜ ዳሰሰች፤ ፈጥናም ስኳር በውኃ አስበጥብጣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ዐይናቸውን ገልጠው የት እንዳሉ ጠየቁ። መጀመሪያ ያዘኑት ስለ ጤናቸው አልነበረም፤ ጾማቸው ስለ ተፈታ ነበር።

እኒህ እናት የእናቴ ታናሽ እኅት ናቸው። እኔ በዚያች ሰዓት በመቅደስ ለአገልግሎት ስዘጋጅ ስለ ነበር የሆነውን የሰማሁት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው 67 ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸው ከታወቀ በጊዜው 11 ዓመት ሆኖት ነበር። ከሚውጧቸው ሁለት ክኒኖች አንደኛው ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ነው። ይህ መድኃኒት ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ሰውየው ይብላም አይብላም መገፋፋቱን አይተውም። እንግዲህ ክኒኑን በማለዳ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ምን እንደሚያስከትል ማሰብ አያዳግትም። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ያሽቆለቁላል፤ ይህም በጊዜው ካልተደረሰበት ራስን እስከ መሳትና ሕይወትን እስከ ማጣት ያደርሳል።

በኋላ ተቀምጠን ስንጠያየቅ የተገለጠው ነገር ግን ከመውደቃቸው ይልቅ አስገረመኝ። አክስቴ መካሪ ያጡ ሰው አልነበሩም፤ ሦስት መካሪዎች ነበሯቸው። አንደኛው ሐኪማቸው ነው። ለእርሱ «አትጹሚ ይለኛል» ብለው ፈርተው ስለ ጾማቸው አንድም ቀን አልነገሩትም። ሁለተኛው የነፍስ አባታቸው ናቸው። ለእርሳቸውም «ለሆዷ ምክንያት ፈለገች እንዳይሉኝ» ብለው ስለ ክኒኑ ተንፍሰው አያውቁም። ሦስተኛው መካሪ በእጅ ስልካቸው ውስጥ ያለ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖረው ልጃቸው የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ልኮላቸው፣ ለየሰው ተለክቶ የሚዘጋጅ የጤና ምክር በኢንተርኔት በሚሰጥ አንድ መርሐ ግብር አስመዝግቧቸው ነበር። እያንዳንዱ መካሪ ከአክስቴ ሕይወት ሢሶውን ያውቃል፤ ሙሉዋን ሴት ግን አንዳቸውም አያውቋትም። እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ፤ ዲያቆንም ነኝ፤ በየሰንበቱ እየሳምኋቸው እንኳ «እቴቴ፣ መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ለብዙ አንባብያን አዲስ ሊሆን ስለሚችል ስለዚህ ሦስተኛው መካሪ ጥቂት ላብራራ።

የሰውን ጎጂ ልማድ በምክር ለመለወጥ የሚደረገው ጥረት ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት መንገድ ነበረው። አንድ ወረቀት ይታተማል፤ ለሁሉም ይበተናል። ለሚያጨሰውም፣ ለማያጨሰውም፣ ለመተው ለቈረጠውም፣ መተውን ከቶ ላላሰበውም ቃሉ ያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ጄምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክሌመንቴ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን፣ የማጨስ ልማዳቸውን በራሳቸው ጥረት ለመለወጥ የሚሞክሩ 872 ሰዎችን አጥንተው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለውጥ በአንድ ጀምበር የሚፈጸም ሳይሆን በደረጃ የሚወጣ መሆኑን አመለከቱ። አንዱ ገና አላሰበም፤ ሌላው ያስባል፤ ሌላው ጀምሯል፤ ሌላው ደግሞ የጀመረውን ለማጽናት ይታገላል። ስለዚህ ለአራቱም አንድ ምክር መስጠት አራቱንም እንዳለመስማት ይቈጠራል። ይህ አስተሳሰብ ከጊዜ በኋላ ከሌሎች ምሁራን ብርቱ ትችት ቢገጥመውም፣ ከምክር በፊት ጥያቄ እንዲቀድም ማድረጉ ግን ቀርቷል።

ይህን ሳነብ የመጻጉዕ ወንጌል ትዝ አለኝ። ጌታችን በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛውን ሰው ከመፈወሱ አስቀድሞ መዳንን ይሻ እንደሆነ ጠይቆታል። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የጠየቀው፤ የታመመውም በመልሱ ያለበትን ሁኔታ፣ ሰው የሌለው መሆኑን ገለጠ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ቍጥር 23 ላይ ለደቀ መዝሙሩ ስለ ሆዱ ሕመም የጻፈው ምክር በሩቅ ላለ ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ሕመም፣ በመጠን የተሰጠ ምክር ነበር። ያን ቃል ለመጠጥ ሰበብ የሚያደርጉት ጢሞቴዎስን አለመሆናቸውን ይዘነጉታል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮምፒዩተር አገልግሎት ሲስፋፋ፣ ተመራማሪዎች ሰውን በመጠይቅ ጠይቀው መልሱን ለኮምፒዩተር በመስጠት ለእያንዳንዱ የተለየ ደብዳቤ እያተሙ መላክ ጀመሩ። አሠራሩ ምትሃት የለበትም። አስቀድሞ በባለሙያዎች የተጻፉ እጅግ ብዙ አጫጭር ምክሮች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተከማችተዋል፤ መልስ ሰጪው እንዲህ ያለ እንደሆነ ይህኛው፣ እንዲያ ያለ እንደሆነ ያኛው ይመረጥ የሚል ደንብ ተደንግጎላቸዋል። ደብዳቤው በኋላ ወደ ኢንተርኔት፣ ከዚያም ወደ እጅ ስልክ ተሸጋገረ። ዛሬ መለኪያ መሣሪያው ራሱ የደሙን ስኳር ወይም የእርምጃውን ቍጥር ለመርሐ ግብሩ የሚያቀብልበት ደረጃ ላይ ተደርሷል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ በእንግሊዝ አገር የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ውጤቱ የታተመው ይህ ጥናት 5,800 አጫሾችን ያካተተ ነበር። ከፊሎቹ ማጨስ የሚያቆሙበትን ቀን ራሳቸው እንዲቈርጡ ተደርጎ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በቀን አምስት፣ ከዚያ በኋላ ለ26 ሳምንታት በሳምንት ሦስት አጭር የጽሑፍ መልእክት በስልካቸው ይደርሳቸው ነበር። መልእክቱ በሰውየው ዕድሜና ሁኔታ፣ በተለይ በሚያሳስበው ነገር ተመርጦ የሚላክ ነው። ከክብደት መጨመር የሚፈራው ስለ ክብደት ይነገረዋል። ከዚህም ሌላ፣ የሲጋራ አምሮት ድንገት የተነሣበት ሰው «አማረኝ» የሚል ትርጉም ያለው አንዲት ቃል ቢልክ ወዲያውኑ ምክር ይመለስለታል፤ ተሸንፎ ያጨሰም እንደዚሁ «ወደቅሁ» የሚል ቃል ሲልክ የሚነሣበት ቃል ይላክለታል። ከስድስት ወር በኋላ በምራቅ ምርመራ ጭምር ሲረጋገጥ፣ እንዲህ ያለ ምክር ከደረሳቸው መካከል 10.7 በመቶ፣ ከሲጋራ ጋር ያልተያያዘ መልእክት ብቻ ከደረሳቸው መካከል 4.9 በመቶ ማጨስ አቁመው ተገኙ።

ቍጥሩን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል። የሚድነው ሰው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከመቶው ወደ ዘጠና የሚጠጉት ምክሩ እየደረሳቸውም ማቆማቸው አልተረጋገጠም። የኢንተርኔት መርሐ ግብርን እንደ ፍቱን መድኃኒት የሚያስተዋውቁ ሰዎች የመጀመሪያውን ቍጥር ያነሣሉ፤ ሁለተኛውን ይተዉታል።

ስለ ስኳር ሕመም የሚጠቀሰው ዋነኛ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው ነው። ለሕመሙ የተቃረቡ 3,234 ሰዎች በአማካይ ለ2.8 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ አመጋገባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን ያንቀሳቀሱት በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው። ልብ ይባል፤ በዚያ ጥናት 16ቱን ትምህርት ለየአንዳንዱ ተሳታፊ የሰጠው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነበር። ይኸው ትምህርት በኋላ በኢንተርኔት እንዲሰጥ ሲደረግ አዲስ ችግር ተከተለ፤ ሰው ይመዘገባል፣ ጥቂት ሳምንታት ይከታተላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጉንተር አይዘንባክ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን መመናመን የኢንተርኔት ጤና ጥናቶች ሁሉ ጠባይ አድርገው ገልጸውታል። ከመሣሪያው በስተጀርባ የሚጠይቅና የሚቈጣጠር ሰው ሲኖር ግን ተሳታፊዎች የተሻለ እንደሚጸኑ ይነገራል። ሰው ለስልክ ሲዋሽ አያፍርም፤ «የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው ሲኖር ግን ያፍራል።

የአክስቴ መርሐ ግብር ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዘ ነው። ሲመዘገቡ ከአርባ በላይ ጥያቄ ጠይቋቸዋል። የልጅ ልጃቸው ከእንግሊዝኛው እየተረጐመች ታነብላቸዋለች፣ እርሳቸውም ይመልሳሉ። ቍርስ በስንት ሰዓት ይበላሉ? በሁለት ሰዓት። ወተትና ዕንቍላል ይስማማዎታል? ይስማማኛል። በሳምንት ስንት ቀን በእግር ይሄዳሉ? ስድስት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን። አንድም ሐሰት አልመለሱም፤ ስለ ጾም ግን ጠያቂ አልነበረም። ምዝገባው በጥምቀት ሰሞን፣ በፍስክ ወራት ስለ ነበር እርሳቸውም የተጠየቁትን ብቻ መለሱ። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ለአንዲት የማትጾም ሴት የተለካ፣ በጣም ያማረ ምክር አዘጋጀ። እኒያ ሴት ግን በዓመቱ ውስጥ ግማሹን ያህል ቀን በዚያ ቤት አይገኙም።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ድምፅ ሰጠ። መልእክቱ አክስቴን ያለ ወይዘሮ፣ በስማቸው ብቻ ጠርቶ የተቀቀለ ዕንቍላልና እርጎ እንዲበሉ ይመክራል። «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው ስሜን እንዲህ የሚጠራው?» ብለው ስልኩን ከነመሣሪያው በሣጥን ቈለፉበት። ክኒኑን ግን ሳያቋርጡ በማለዳ ይውጡ ነበር፤ የወደቁትም ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

በዚህ ሰሞን ያነበብሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር በመሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በረመዳን ወር ለስኳር ሕመምተኞች በእጅ ስልክ የምክር መልእክት መላክ ጀምሮ ነበር። የሕዝቡ ብዙው ክፍል ሙስሊም በሆነበት አገር፣ ሐኪሞቹ ሕመምተኛው ይጾም ይሆን ብለው አልተጠራጠሩም፤ እንደሚጾም አውቀው ተነሡ። የሙስሊም ወገኖቻችን ጾም እንዲህ ከታሰበለት፣ የሁዳዴውም፣ የፍልሰታውም፣ የነቢያቱም ጾም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ቢታሰብለት ምን ይከብዳል?

አክስቴ ከወደቁ በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው ወደ ቤት መጡ። የምጽፈው በንስሐ የተነገረ አይደለም፤ ሁላችን በተቀመጥንበት የተባለ ነው፤ አክስቴም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። መምሬ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፦

«ወለተ ሥላሴ፣ ይህን ያህል ዓመት ስታማክሪኝ ክኒን እንደምትውጪ ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ።

«አባቴ፣ እርስዎም አልጠየቁኝ» አሉ አክስቴ።

መምሬ አልተቈጡም። ከቀሚሳቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ የደም ግፊት ክኒን አውጥተው አሳዩን። «እኔም እውጣለሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም። እውነትሽን ነው፤ አልጠየቅሁሽም» አሉ። ቀጥለውም በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ስለ ጾም የተደነገገው ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ አለመሆኑን፣ ለሕሙማን የተተወ ፈቃድ መኖሩን አስረዱ። ከዚያም ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሐኪሙ ሄደው እውነቱን እንዲነግሩት አዘዟቸው።

ሐኪሙ እንደ ፈሩት «አትጹሚ» አላላቸውም። ከሥጋና ከወተት መከልከላቸው እንደማይጎዳቸው፣ የሚጎዳቸው ክኒኑን ውጠው ረጅም ሰዓት መራባቸው፣ በኋላም በዘጠኝ ሰዓት ያን ሁሉ እንጀራ ባንድ ጊዜ መብላታቸው እንደሆነ አስረዳቸው። የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት ለወጠላቸው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ይህን ከራሱ ሐኪም ጋር ሊመክርበት ይገባል እንጂ ከጎረቤት የሚቀዳ ነገር አይደለም። መምሬም የሐኪሙን ቃል ከሰሙ በኋላ ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው፤ በሰዓቱ ፋንታ መዝሙረ ዳዊት ጨመሩላቸው፤ ከጠዋት ምግባቸውም ለአንዲት አቅመ ደካማ ጎረቤታቸው እንዲያካፍሉ አዘዙ። አክስቴ አለቀሱ፤ ነገር ግን ተቀበሉ።

ይህን በማይበት ጊዜ የነፍስ አባትነት ሥርዓት ከጥንትም ለየሰው የተለካ ምክር መሆኑን አሰብሁ። ለብርቱው የሚታዘዘው ስግደት ለደካማው አይታዘዝም፤ ለባለጠጋው የሚሰጠው ቀኖና ለድኻው አይሰጥም። በዚህ ረገድ አዲሱ መሣሪያ የሚያስተምረን ነገር ጥቂት ነው። በአንድ ነገር ግን ይበልጠናል ብዬ ለመናገር እገደዳለሁ፤ እርሱ ይጠይቃል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ክኒን፣ ስለ ደም ግፊት ሳይሰለች ይጠይቃል። እኛ አገልጋዮች አብዛኛውን ጊዜ «ደኅና ናችሁ?» ብለን «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ተቀብለን እናልፋለን።

የሚያሰጋኝም ነገር አለ። ለነፍስ አባት የተነገረ ምሥጢር ከመቃብር በፊት አይወጣም፤ ከመቃብር በኋላም አይወጣም። ለስልክ የተነገረው ግን ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ቤተርሄልፕ የተባለውን በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ልጆቻችን ከውጭ አገር ሆነው ወላጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ይህን ሊመረምሩ ይገባል። እናት የማታነበውን ውል ልጅ ሊያነብላት ግድ ነው።

አክስቴ ግን መሣሪያውን ከሣጥን አወጡት። የልጅ ልጃቸው በመጠይቁ መጨረሻ ላይ ሌላ የሚነገር ካለ ተብሎ በተተወው ቦታ የአጽዋማቱን ስምና ወራት አንድ በአንድ ጻፈችበት። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። መልሱ ግን ከመሣሪያው አልነበረም፤ መርሐ ግብሩን ከምትከታተል በአሜሪካ ካለች አንዲት የአመጋገብ ባለሙያ ነበር፤ ስለ ጾሙ ቀድማ ባለማወቋ ይቅርታ ጠይቃ፣ «በእነዚህ ቀናት የሚበሉት ምን ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ» ትላለች። ያን ምሽት አያትና የልጅ ልጅ ተቀምጠው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ቆሎ እያሉ ሲዘረዝሩ፣ የእንጀራውንም መጠን በሰሐን ሲለኩ አመሹ። ሱፍ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሦስት መልእክት ፈጀባቸው።

ዓርብ ስቅለት አክስቴ እንደ ልማዳቸው ሊያከፍሉ ማሰባቸውን ደብቀው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስልካቸው ጮኸ፤ መምሬ ናቸው። «እንደምን ዋልሽ» ከማለታቸው በፊት «ቀመስሽ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አክስቴ ለነፍስ አባታቸው አይዋሹምና «አሁን ልቀምስ ነው» ብለው ተነሡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ጥግ ተቀምጠው በሶ በጥብጠው ጠጡ፤ ተመልሰውም በአቅማቸው ሰገዱ።

የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ስንደርስ ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው ጣታቸውን ወግታ ደሙን ለካች፤ እርሳቸውም እስኪነገራቸው ድረስ ሆዳቸውን ለማለስለስ የተቀዳላቸውን ተልባ እንደ ያዙ ቆዩ። በዚህ መካከል ስልኩ ድምፅ ሰጠ። ባለሙያዋ ቀኑን መዝግባ ኖሯል፤ ዛሬ በዓላቸው መሆኑን እንደምታውቅ፣ ከዶሮው ሳይሆን ከእንጀራው መጠን እንዲጠነቀቁ፣ መልካም በዓልም እንዲሆንላቸው ጽፋለች። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ብላ ነበር የጠራቻቸው።

«እርስዋንም እንኳን አደረሰሽ በያት» አሉ አክስቴ። ከዚያም ወደ መለኪያው ዘንበል ብለው፣ «ቍጥሩ ስንት ሆነ?»